ማንበብ መቻል ድሮና ዘንድሮ

 

በብዙዎቻችን ቤት ለዕውቀት ሁለት ቃል አለ። አንዱ «ተማረ» ነው፤ ሌላው «ቀራ»። አያቶቻችን ሁለቱን አያምታቱም። «ልጁ ተምሯል» ሲሉ ትምህርት ቤት ገብቷል፣ ፊደል ቆጥሯል፣ ነገ መሥሪያ ቤት ይቀጠራል ማለታቸው ነው። «ሰውዬው የቀራ ነው» ሲሉ ደግሞ ሸኽ ፊት ተቀምጦ ቁርአን አኽትሟል፣ ኪታብ ገልጧል ማለታቸው ነው። የቀራ ሆኖ ያልተማረ አለ፤ የተማረ ሆኖ ያልቀራ አለ። ሁለቱንም የያዘ ሰው በሰፈሩ ይከበራል፤ ሠርግም ሆነ ሽምግልና ያለ እሱ አይሆንም።

የመንግሥት ቅጽ ላይ ግን ሁለት ቃል የለም። ሠራተኛው በር አንኳኩቶ «ማንበብና መጻፍ ይችላሉ?» ሲል የሚጠብቀው «አዎ» ወይም «አልችልም» የሚል መልስ ነው። አርባ ዓመት ኪታብ ሲያገላብጡ ኖረው «አይ ልጄ፣ እኔስ አልተማርኩም» ብለው የሚመልሱ አባት ከአንዳችን መንደር አይጠፉም። ሠራተኛውም «አይችሉም» ብሎ ይሞላል። ማንም አልዋሸም። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ የሰፈረው እውነት አይደለም።

ይህን ጉዳይ ያነሳነው አያቶቻችንን ለማሞገስ ብቻ አይደለም። ማንበብ መቻል እንደ ቁመት በአንድ ሜትር የሚለካ ነገር እንዳልሆነ፣ ኅብረተሰቡ ከጽሑፍ ጋር ያለው ጉዳይ በተለወጠ ቁጥር መለኪያውም እንደሚለወጥ ለማሳየት ነው። ትናንት «መሃይም» የተባሉት በአንድ መለኪያ ነው። ዛሬ «የተማረ» የምንባለው እኛስ በየትኛው መለኪያ ነው?

ሐርፍና ፊደል

ከኪታቡ ቤት እንጀምር። በወሎ፣ በሐረር፣ በጅማ፣ በአርጎባና በሌሎችም የዒልም አገሮች የነበሩ ዑለሞች የሚያነቡት ዐረብኛ ብቻ አልነበረም። የአፋቸውን ቋንቋ፣ አማርኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ ሐረሪውን፣ በዐረብኛ ሐርፍ ይጽፉ ነበር። ይህ አጻጻፍ ዐጀም ይባላል። የወሎው ሸኽ ጦልሐ ቢን ጀዕፈር በአማርኛ የደረሷቸውን ግጥሞች የጻፉት በዚህ መንገድ ነው። በሐረርም ኪታብ አል-ፈራኢድ የተባለው ጥንታዊ የሐረሪ ሥራ በዐረብኛ ሐርፍ ተጽፎ እስከ ዘመናችን ደርሷል። አዲስ አበባ ያላችሁ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ጎራ ብትሉ ከአገራችን የተሰበሰቡ የዐረብኛ ሐርፍ የእጅ ጽሑፎች ታገኛላችሁ።

ዐጀም ቀላል ነገር አይደለም። የዐረብኛ አጻጻፍ ሦስት አጫጭር የድምፅ ምልክቶች አሉት፤ ፈትሓ፣ ከስራና ዶማ። አማርኛ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ድምፅ አለው። «ጨ»፣ «ኘ» እና «ጰ» በዐረብኛ ሐርፎች ውስጥ የሉም። ስለዚህ ጸሐፊው አንዳንዴ በሚቀርበው ሐርፍ ላይ ነጥብ ይጨምራል፤ አንዳንዴም በተቀራራቢው ይተካና ያልፈዋል። አንባቢው ቃሉን የሚለየው ከዙሪያው ካለው ሐሳብ ነው። መንዙማውን በጆሮው ያልሰማ ሰው ጽሑፉን ብቻ ይዞ ብዙ ይቸገራል። ዐጀም ማንበብ ከፊደል ማንበብ ይልቅ ጭንቅላት ይፈልጋል ብንል አላጋነንም።

የዚህን ችግር ክብደት ጠንቅቀው ከተረዱት አንዱ የሐረርጌው ሸኽ በክሪ ሳጳሎ ናቸው። ኪታብ ያስቀሩ፣ በዐረብኛ ብዙ የጻፉ፣ በኦሮምኛም ግጥም የደረሱ ዓሊም ነበሩ። የዐረብኛውም ሐርፍ የግዕዙም ፊደል የኦሮምኛን አናባቢዎች በደንብ እንደማይሸከም አይተው እ.ኤ.አ በ1956 ራሳቸው አዲስ ፊደል ቀረጹ። ደረሶቻቸው በፊደሉ መጻጻፍ ሲጀምሩ የጊዜው ባለሥልጣናት በክፉ ዐይን ተመለከቱት፤ ሸኹም በድሬዳዋ በቁም እስር እንዲቆዩ ተደረገ። ኋላ በስደት ሶማሊያ ውስጥ እያሉ እ.ኤ.አ በ1980 ወደ አኼራ ሄዱ። ፊደል የፈጠረ ሰው እንኳ ፊደሉ በመንግሥት ካልታወቀ ጽሑፉ እንደ ጽሑፍ አይቆጠርለትም።

ሙስሊሙ ከግዕዝ ፊደል ለረጅም ጊዜ ለምን ራቀ ለሚለው መልሱ ብዙ አያከራክርም። ፊደል የሚቆጠረው በአብዛኛው በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ነበር፤ ንባቡም የቤተ ክህነት ንባብ ነበር። ልጁን ወደዚያ የላከ አባት ልጄ ሃይማኖቱን ይቀይራል ብሎ ይሰጋል። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲከፈትም ስጋቱ አብሮ ተከተለ። ይህን አመለካከት ካለዘቡት ነገሮች አንዱ ሸኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ያዘጋጁት የአማርኛ የቁርአን ትርጉም ነው ብለን እናምናለን። በ1961 ሲታተም ፊደል የለየ ሙስሊም ዐረብኛ ባያውቅም የቁርአኑን መልእክት በገዛ ዐይኑ መከተል ቻለ። ፊደል ከዚያ ወዲያ የመሥሪያ ቤት መግቢያ ብቻ አልሆነም፤ ለዲንም የሚፈለግ ሆነ። ከ1983 በኋላ በአማርኛ የታተሙት የዲን መጻሕፍት ብዛትም የመጣው አንባቢው ቀድሞ ስለነበረ ነው።

ዘመቻው

በ1967 ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጡ። ዛሬ እኛ በምንቀመጥበት ወንበር ይቀመጡ የነበሩ ልጆች ናቸው። ከሥራቸው አንዱ ገበሬውን ፊደል ማስቆጠር ነበር። ትልቁ እንቅስቃሴ ግን በሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ትምህርቱ በሂደት በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ሚሊዮኖች፣ በተለይም ትምህርት ቤት ደጃፍ ደርሰው የማያውቁ እናቶች፣ ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፉ። እ.ኤ.አ በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት የተሰጠው ለዚህ ዘመቻ ነው። ስለ ደርግ ዘመን የምናስበው ምንም ይሁን ምን፣ ይህን ሥራ አሳንሶ ማየት ተገቢ አይመስለንም። ከእናቶቻችን ብዙዎቹ ዛሬ የመድኃኒት መጠቅለያ ላይ ያለውን የሚያነቡት በዚያ ዘመቻ በተማሩት ነው።

ሆኖም ሁሉም 15 ቋንቋዎች የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። በዘመቻው መለኪያ አንባቢ ማለት ይህን ፊደል የለየ ነው። ሐርፍ ለይቶ ያደገ ሰው ዕውቀቱ የትም አልተመዘገበለትም፤ ከጀማሪው እኩል «ሀ» ብሎ ጀመረ።

ቀጥሎ የሆነው ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። ከ1983ቱ ለውጥ በኋላ ኦሮምኛ በቁቤ፣ በላቲን ፊደል፣ መጻፍ ጀመረ። ለቋንቋው የሚስማማ አጻጻፍ ነው፤ ከላይ ሸኽ በክሪን ያስጨነቃቸውን የአናባቢ ችግር ፈቷል። ግን በዘመቻው ጊዜ የአፉን ቋንቋ በግዕዝ ፊደል ማንበብ የተማረውን ገበሬ አስቡት። አሥር ዓመት ትንሽ አለፍ ብሎ የልጅ ልጁ ደብተር ሲገለጥለት አንዲት ቃል ማንበብ አቃተው። ሰውዬው የተማረውን አልረሳም። ፊደሉ ተቀየረበት እንጂ። አንድ ሰው በአንድ ዕድሜው ሁለት ጊዜ «ማንበብ የማይችል» ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

በካርድ የሚለካው

መለኪያው በዓለም ደረጃም ባለበት አልቆመም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ በ1958 ባወጣው ትርጓሜ ስለ ዕለት ኑሮው አጭርና ቀላል ዐረፍተ ነገር ተረድቶ ማንበብና መጻፍ የቻለ ሰው አንባቢ ይባላል። ከ20 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ1978፣ ሌላ ጨመረ፤ ሰውዬው በሚኖርበት ማኅበረሰብ ውስጥ ንባብና ጽሑፍ የሚጠይቁ ጉዳዮችን ሁሉ ማከናወን መቻል አለበት አለ። ልዩነቱን ልብ በሉ። የመጀመሪያው የሚጠይቀው ስለ ሰውዬው ብቻ ነው። ሁለተኛው ሰውዬው ስላለበት ኑሮም ይጠይቃል። ኑሮው ከተወሳሰበ ትናንት ያለፈው ሰው ዛሬ ሊወድቅ ይችላል።

በአገራችን በ2008 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሰዎች ማንበብ የሚችሉት ከሴቶች 42 ከመቶ፣ ከወንዶች 69 ከመቶ ናቸው። የተገኘበት መንገድ ቀላል ነው። ጠያቂው አጭር ዐረፍተ ነገር የተጻፈበት ካርድ ያሳያል። ሙሉውን ወይም ከፊሉን ካነበባችሁ አንባቢ ናችሁ። በቋንቋችሁ የተዘጋጀ ካርድ ከሌለ ያው የለም ተብሎ ይመዘገባል። ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማረ ሰው ግን ካርዱ ጨርሶ አይቀርብለትም፤ ማንበብ እንደሚችል አስቀድሞ ይታሰባል።

ይህ የመጨረሻው እኛን ይመለከታል። በእናታችን ፊት ካርድ ተዘርግቶ እኛ እንታለፋለን። ግምቱ ልክ ነው?

ካርዱ ቢቀርብልን

የማንደብቀውን እንናገር። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። ፈተና ሲደርስ ሃንድአውት እንቸክላለን። አንድ አንቀጽ ያለ ስህተት ጮክ ብለን እናነባለን፤ «ምን አለ?» ሲባል ያንኑ አንቀጽ እንደግማለን። የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ከሌላ የተገለበጠ ገጽ የምናየው ሁሉም ተማሪ ሰነፍ ስለሆነ አይመስለንም። ያልገባን ነገር በራሳችን ቃል ሊጻፍ ስለማይችል ነው።

ነገሩ ከታች ይጀምራል። እ.ኤ.አ በ2010 በአገራችን በተደረገ የንባብ ፈተና በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ልጆች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ስማቸው መዝገብ ላይ አለ። መቁጠር ብቻውን የማይነግረን ነገር ይህ ነው።

በቂርአት ቤት ለዚህ ቃል አለን። ነዘር ማለት ሐርፉን እያዩ ማንበብ ነው፤ መዕና ማለት ምን እንደተባለ ማወቅ። ቁርአንን ትርጉሙን ሳያውቁ ማንበብም ኢባዳ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሐርፍ አጅር እንዳለው በሐዲስ ተነግሮናል፤ በዚህ ላይ ንግግር የለንም። ይህ ግን ለአላህ ቃል የተሰጠ ልዩ ክብር ነው። ለኪራይ ውል፣ ለባንክ ቅጽና ለባዮሎጂ ሃንድአውት በነዘር ብቻ የሚገኝ አጅር የለም።

አንብቦ አለመረዳት ዋጋ እንዳለው ለማየት ሕጉን እንመልከት። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1728 ላይ ማየት የተሳነው ወይም ማንበብ የማይችል ሰው ውል ላይ ቢፈርም ወይም የጣት አሻራውን ቢያሳርፍ፣ በሥራው ላይ ያለ ውል አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ካላረጋገጠው በስተቀር እንደማይገደድበት ይደነግጋል። ሐሳቡ ጥልቅ ነው። ሰው ባልገባው ጽሑፍ መታሰር የለበትም።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን መርህ እኛ ከዚያ በፊት እናውቀዋለን። ከቁርአን ሁሉ ረጅሙ አንቀጽ የሚናገረው ስለ ዕዳ መጻፍ ነው፤ ሱረቱል በቀራህ 282። ጸሐፊው በትክክል እንዲጽፍ፣ አላህ እንዳሳወቀው መጻፍን እንቢ እንዳይል ያዘዋል። ቃሉን የሚያስጽፈው ባለ ዕዳው ነው፤ ራሱ ማስጻፍ ካልቻለ ደግሞ ተጠሪው በፍትሕ ያስጽፍለታል። በዚያ ዘመን መጻፍ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። አንቀጹ የማያውቀውን አልወቀሰም፤ ግዴታውን የጫነው የሚያውቀው ላይ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው የማያነቡና የማይጽፉ፣ ኡምሚይ ነበሩ፤ የመጀመሪያው ወሕይ ደግሞ «ኢቅረእ» ብሎ ጀመረ። ከበድር ምርኮኞችም ቤዛ መክፈል ያቃታቸው የአንሷር ልጆችን መጻፍ አስተምረው እንዲፈቱ ተደርጓል። አስተማሪዎቹ ሙሽሪኮች ነበሩ፤ ይህ መጻፍ ከማን እንደተገኘ ሳይሆን ለማን እንደሚውል የታየበት ነው። ፊደልን የቤተ ክህነት ነው ብለው ለሸሹት አባቶቻችን ይህ ታሪክ ቀደም ብሎ በደንብ ቢነገራቸው ኖሮ ብለን አንዳንዴ እናስባለን።

እንግዲህ የሕጉ አንቀጽ ለማያነቡ ሰዎች ጥበቃ አደረገ። ለእኛስ? ስልካችን ላይ አንድ መተግበሪያ ስንጭን ረጅም ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ ታች «እስማማለሁ» የሚል አለ። ማን ያነበዋል? አንነበውም፤ ብናነበውም አይገባንም፤ ግን ተስማምተናል። የብድር ውል ላይም እንዲሁ ነው። የተማረ ስለሆንን «አልገባኝም ነበር» ብንል ሰሚ የለንም። ዲግሪ ይዞ ባላነበበው ወረቀት የሚታሰር ሰው በአንድ በኩል ጣቱን ቀለም ነክሮ ከሚፈርመው አባቱ ይብሳል፤ አባትየው ቢያንስ ሌላ ሰው እንዲያነብለት ይጠይቃል።

ወደ ባሕረ ሰላጤ አገሮች የሚሄዱ እህቶቻችን ነገር ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። በ2008 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ለሥራ የምትሄድ ሴት ቢያንስ ስምንተኛ ክፍል እንድትጨርስ አስገድዶ ነበር። ሐሳቡ ይገባናል፤ የተማረች ሴት በቀላሉ አትታለልም የሚል ነው። ግን አስቡት። ከአንድ የወሎ መንደር የሄደች ልጅ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳለች፤ አማርኛ ታነባለች። ቁርአን ቀርታለች፤ ሐርፍ አንድ በአንድ ትለያለች። እዚያ ስትደርስ በዐረብኛ የተጻፈ ወረቀት ፈርሚ ትባላለች። ከላይ እስከ ታች በነዘር ልታነበው ትችላለች። ደመወዝዋ ስንት እንደተጻፈ፣ የዕረፍት ቀን አላት ወይ፣ ፓስፖርቷ ማን እጅ ይቆያል ለሚለው ግን መልስ አታገኝም። በሁለት ፊደል የምታነብ ልጅ፣ በየትኛውም ቆጠራ «ትችላለች» የምትባል፣ ሕይወቷን የሚወስነው አንድ ገጽ ላይ ደርሳ መሃይም ሆነች። ዐረብኛን ከሐርፍ አልፈን እንደ ቋንቋ ማስተማር በየመድረሳችን ቅንጦት አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ የዘይድ ቢን ሳቢት (ረ.ዐ) ታሪክ ይታወሰናል። ወጣት ነበር፤ ዕድሜው እኛን ያክላል ወይም ያንሳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከአይሁዶች ጋር የሚጻጻፉትን ደብዳቤ ሌላ ሰው እንዲያነብላቸውና እንዲጽፍላቸው መተማመን ስላልቻሉ የእነሱን ጽሕፈት እንዲማር አዘዙት። በግማሽ ወር ገደማ ተማረው። ዘይድ ዐረብኛ መጻፍ ያውቅ ነበር፤ ወሕይም ይጽፍ ነበር። ያ ግን ለዚያ ደብዳቤ አልበቃም። የሌላውን ጽሑፍ ራስህ ካላነበብክ በአንባቢው አማናህን ጥለህ ትኖራለህ ማለት ነው።

የዘመኑ ደብዳቤ ደግሞ በስልክ ይመጣል። ቴሌብር በ2013 ከጀመረ ወዲህ ጤፍ ሸጦ ገንዘቡን በስልኩ የሚቀበል ገበሬ ጥቂት አይደለም። ገንዘብ ሲገባ መልእክት ይደርሰዋል። ቁጥሩን ይለያል፤ መልእክቱን ግን ለሚያነብለት ሰው ስልኩን ይሰጣል፤ ሲቸግርም ሚስጥር ቁጥሩን ጭምር ይነግራል። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ ይህን ቁጥር ይላኩልን» የሚል መልእክት ሲመጣ አታላይ መሆኑን ማን ይንገረው? ይህ ሰው የጎደለው ፊደል ብቻ አይደለም። የታመነ ጸሐፊ ነው የጎደለው። በየቤታችን ያ ጸሐፊ መሆን የሚችለው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ማታለሉ ግን ያልተማረውን ብቻ አይመርጥም። በቴሌግራም ግሩፖቻችን «ይህን ለአሥር ሰው ካልላክህ» የሚሉ፣ በሐዲስ ስም የተጻፉ፣ ራዊም ኪታብም የሌላቸው መልእክቶች የሚዞሩት በገበሬ እጅ አይደለም፤ በእኛ እጅ ነው። የሌላ አገር ጦርነት ፎቶ የእኛ አገር ነው ተብሎ ሲለጠፍ ያጋራነው እኛ ነን። አሁን ደግሞ ማሽን ጽሑፍም ድምፅም ምስልም አሳምሮ የሚሠራበት ጊዜ ነው። ጽሑፍ ማንበብ መቻል ብቻውን ዋጋው ቀንሷል፤ ጽሑፉን ማን አለው፣ ከማን ሰማ፣ ያስተላለፈው ይታመናል ወይ ብሎ መጠየቅ ዋጋው ጨምሯል። የሚገርመው ይህ ለዑማው እንግዳ ነገር አለመሆኑ ነው። የሐዲስ ሊቃውንት ኢስናድ እያሉ ዕድሜያቸውን የፈጁት በዚሁ ጥያቄ ላይ ነበር። አንድ ራዊ ትዝታው ደካማ መሆኑ ከታወቀ፣ ሰውዬው የቱንም ያህል ሷሊሕ ቢሆን ዘገባውን አይቀበሉም ነበር። ሱረቱል ሑጁራትም 49፡6 ላይ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ያዘናል። የሐዲስ ዒልም ኮርስ የሚከታተሉ አባሎቻችን ያልተጣራ መልእክት ሲያስተላልፉ ስናይ ሐርፉንና መዕናውን መልሰን እናስታውሳለን።

ለክረምቱ

ክረምት ቀርቧል፤ ብዙዎቻችን ወደየቤታችን እንሄዳለን። ጀመዓው ሁለት ነገር ይጠይቃችኋል።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ቤት ውስጥ የተቀመጡ ወረቀቶችን፣ የመሬት ደብተሩን፣ የብድርና የኢንሹራንስ ወረቀቱን፣ ወደ ዐረብ አገር ልትሄድ የተዘጋጀች እህት ካለች ውሏን፣ ለባለቤቱ ቁጭ ብላችሁ አንብቡለት። በራሱ ቋንቋ አስረዱት፤ ካልገባችሁ «አልገባኝም» በሉና የሚያውቅ ጠይቁ። እናንተ እንደተረዳችሁ ብቻ ነግራችሁ አትለፉ፤ እሱ መልሶ እንዲነግራችሁ አድርጉ። የስልክ ሚስጥር ቁጥሩን አትጠይቁት፤ ራሱ እንዴት እንደሚያስገባ አሳዩት።

ሁለተኛው ጊዜ የማይሰጥ ነው። በቤታችሁ ወይም በጎረቤት፣ በቆጥ ላይ ወይም በሳጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ኪታብ ሊኖር ይችላል። ዐረብኛ ይምሰል እንጂ ስታነቡት ዐረብኛ ካልሆነ ዐጀም ሊሆን ይችላል። በፕላስቲክ አትጠቅልሉት፤ እርጥበት ይይዛል። በማስቲካ ፕላስተር አትለጥፉት። ከቤቱም አታውጡት፤ ለሚገዛ ነጋዴም እንዳይሰጥ ባለቤቶቹን አስረዱ። በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሱት፤ ባዶ የሚመስሉትን ገጾችና ኅዳጉ ላይ በትንሹ የተጻፉትንም አትዝለሉ፤ የአስገልባጩ ስምና ዘመኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። ከዚያ ማንበብ የሚችሉ አባት ወይም እናት ካሉ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ጮክ ብለው እንዲያነቡላችሁ ለምኑና በስልካችሁ ቅዱት። ከላይ እንዳልነው የዐጀም ጽሑፍ ግማሹ ያለው በአንባቢው ጆሮ ውስጥ ነው፤ እሳቸው ካለፉ ፎቶው ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ስማቸውን፣ ኪታቡን ማን ዘንድ እንደቀሩና የት እንደቀሩ ጠይቃችሁ አብራችሁ ጻፉ። ስትመለሱ ፎቶውንና ድምፁን ይዛችሁ ኑ፤ ከዐስር በኋላ በተለመደው ሐለቃችን ላይ አብረን እናዳምጣለን።